ብቅሉ የጠጣው ውሃ

አባዬ ቢራ ሲጠምቅ ሒሳቡን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነበር። መጀመሪያ ጠርሙሱን አስቢ ይለኛል፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየሄድሽ የሚጠፋውን ደምሪ። ጠርሙስ ውስጥ ሃያ ሊትር እንፈልጋለን እንበል። በርሜሉ ሥር ከእርሾው ጋር ተጋግሮ የሚቀረው አተላ አንድ ሊትር ይወስዳል፤ ሃያ አንድ። ሲፈላ በእንፋሎት የሚሄደው ሦስት፤ ሃያ አራት። ከድስቱ ቧንቧ በታች የሚተኛ፣ ድስቱን ደፍተው ካላንጠፈጠፉት በቀር የማይወጣ አንድ ሊትር አለ፤ እሱን ሰነፉ ውሃ እንለው ነበር፤ ሃያ አምስት። የመጨረሻው ሌባ ራሱ ብቅሉ ነው። የተፈጨ ብቅል ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ለራሱ ይጠጣል፤ ለአንድ ኪሎ አንድ ሊትር ገደማ። የጠጣውን ደግሞ ብትጨምቂው፣ ብትለምኚው፣ ብትሰድቢው አይመልስም። አምስት ኪሎ ብቅል፣ አምስት ሊትር ውሃ።

"ስለዚህ ሃያ ለመጠጣት ስንት እንቀዳለን?"

"ሠላሳ።"

"አሥሩስ የት ሄደ?"

"ተሰረቀ።"

በዚህ መልሴ የውሃ ሚኒስትር አድርጎ ሾመኝ። ሹመቱ ባልዲ ከመቁጠርና ቴርሞሜትር ከማጠብ ያለፈ ጥቅም አልነበረውም። ግን ሰው ፊት "ክብርት ሚኒስትር፣ ውሃው የት ደረሰ?" ሲለኝ ከክፍሌ ልጆች ሁሉ አጭር መሆኔን እረሳ ነበር።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። የቤታችን የፊተኛው ክፍል የሥራ ቦታው ነበር፤ የስፌት መኪናው በመስኮቱ ሥር፣ ሰፊው የመቁረጫ ጠረጴዛ መሃል ላይ፣ ግድግዳው ላይ ባለቤቶቻቸው ረስተዋቸው የቀሩ ሱሪዎች። ቢራውን የሚጠምቀው በጓሮ በኩል፣ ከኩሽናው ጋር በተያያዘች ጠባብ በረንዳ ላይ ነው። ሱሪ የሚለካ ሰው ውሃ መለካትም ያምርበታል። ጨርቅ በሰውየው ልክ ብቻ ከቆረጥከው ሱሪው አይገባውም፤ ለስፌቱ የሚታጠፈውን መተው አለብህ። ለአባዬ ብቅሉ የሚጠጣው ውሃ የሚታጠፍ ጨርቅ ነበር።

ታናሽ ወንድሙ ግን የሚታጠፍ ነገር የሚባል አያውቅም። አጎቴ መኪና መንዳት አስተማሪ ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው መሪ በማያውቁ ሰዎች ጎን ተቀምጦ ስለሆነ፣ በደነገጠ ቁጥር ቀኝ እግሩ በራሱ ጊዜ ወለሉን ይረግጣል። ፍሬን ይይዛል። እቤት ተቀምጦ ሚስቱ ስትቆጣው፣ ሻይ ቤት ውስጥ ሒሳብ ሲመጣ፣ ሐኪም ስሙን ሲጠራው፤ ፍሬን። ሚስቱ የቤታቸው ምንጣፍ አንድ ቦታ ላይ ብቻ መሳሳቱን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳይ ነበር።

ይሄ ሰው አንድ ቀን እንደ ወንድሙ ቢራ ልጥመቅ አለ። ሃያ ሊትር ነው የምፈልገው ብሎ ሃያ ሊትር ቀዳ። አሥር ወጣው። ተሳሳትኩ እንደማለት አሥር ሊትር የቧንቧ ውሃ ጨመረበትና ሃያ አደረገው። አባዬ አንድ ጉንጭ ቀምሶ ብርጭቆውን አስቀመጠና "ይሄ ቢራ አይደለም፣ የቢራ ወሬ ነው" አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎቴ በቤታችን ስሙ ቅራሪ ሆነ።

አጎቴ ግን አልተሸነፈም። ድስቱ ነው የሚያፈስሰው ብሎ ሌላ ድስት ገዛ። አሁንም ሃያ ቀዳ፣ አሁንም አሥር ወጣው። በዚህ ጊዜ ደግሞ ሁለቱም ያፈስሳሉ አለ። አባዬ ብቅሉ ነው የጠጣው ይለዋል፤ እሱ ብቅል አፍ አለው እንዴ ይለዋል፤ አባዬ አንተ አፍ ስላለህ ምን ጠቀመህ ይለዋል። እንዲህ እየተባባሉ እሑድን ያመሹታል። በመጨረሻ አጎቴ ጠመቃውን ተወው፤ ሁለቱ ድስቶች ግን ከቤቱ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ አነስ ያለ። ይህን ሁሉ የምለው አጎቴ ሁለት ድስት እንደነበረው በደንብ እንዲታወቅልኝ ነው።

በዚያ ዓመት እማዬም መለካት ጀመረች።

እማዬ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ለቢራ ግድ የላትም፤ ሽታው መጋረጃ ውስጥ ይገባብኛል ብላ በረንዳውን ስትረግም ነው የማውቃት። እንግዲህ ያቺ ሴት ድንገት አንድ ብርጭቆ ላይ ፕላስተር ለጥፋ፣ መስመር አስምራ፣ አባዬ የሚጠጣውን ሁሉ በሱ ትሰፍርለት ጀመር። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ማሰሮ አስቀመጠች። ማንም እንዳይነካው አለችን፤ ማንም ማለት እኔ ነኝ። ከፈትኩት። ውስጡ ቢጫ ፈሳሽ ነበር። ገባኝ፤ እማዬ ተደብቃ ቢራ እየጠመቀች ነው።

ቀለሙ ደህና ነበር፤ ከአጎቴም ይሻላል። መጠኑ ግን ያሳፍራል። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማ ለአባዬ "ስምንት መቶ ገብቶ መቶ ሃምሳ ብቻ ወጣ" ስትለው ሰማኋት። ድምፅዋ ደክሟል። እኔ ደግሞ በሙያዬ የተሳሳተ ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም ማለት አልችልም። ጠጋ ብዬ ቀስ አልኩና፣ "እማዬ፣ ብቅሉ የጠጣውን ደምረሻል?" አልኳት።

እማዬ ባኞው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ሳቀች፤ ሳቋ ሄዶ ሄዶ ሌላ ነገር ሆነ፤ ፊቷን በፎጣ ሸፈነች። አባዬ ከክፍሉ ሆኖ "ሚኒስትሯ ልክ ናት" ብሎ ጮኸ። "ብቅሉ እኔ ነኝ።"

እውነቱን ነበር። የአባዬ ኩላሊቶች በዚያ ዓመት ሥራ እየለቀቁ ነበር። የሚጠጣው ገብቶ አይወጣም፤ እግሩ ውስጥ ይቀራል። እኔ ያኔ የማውቀው የአባዬ እግር መወፈሩን፣ ጣቴን ቅልጥሙ ላይ ተጭኜ ሳነሳው ጉድጓዱ እንደ ሊጥ ቀርቶ ቀስ ብሎ መሙላቱን ብቻ ነው። ከዚያ የሚበልጥ ጨዋታ አልነበረም። የጎረቤት ልጆች ጠርቼ በተራ አስነክቻቸዋለሁ፤ አባዬ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ "አትገፋፉ፣ ለሁላችሁም ይደርሳል" ይላቸው ነበር።

ቢራውን ለምን እሱ እንደማይጠጣ አንድ ቀን ጠይቄዋለሁ። ባለሙያ በሥራ ሰዓት አይጠጣም አለኝ፤ ተቀበልኩት። አሁን ግን በረንዳው ላይ ሲቆም ይታየኛል። በቀን ከአንድ ሊትር በላይ ውሃ የተከለከለ ሰው፣ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ፣ ሠላሳ ሊትር ውሃ ፊት ቆሞ ሒሳብ ያስተምረኝ ነበር። ውሃውን ሲያገላብጥ ዓይኑን የሚጨፍነው እንፋሎቱ እየገባበት ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን የኛ ድስት ተበሳ። እንደ አጎቴ ድስት በሐሜት ሳይሆን የእውነት ነው የተበሳው፤ ሥሩ ዝጎ ውሃው እሳቱ ላይ እየተንጠባጠበ ቺስ ቺስ ይል ጀመር። አባዬ ሌላ አልገዛም፣ አላስበየደም፤ ይቆይ አለ። ከዚያ በኋላ ሲቆም ማየት ቀረ። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጎን የታጠፈ አልጋ ተዘርግቶለት እዚያ ይተኛል፤ ደንበኛ ሲመጣ ተኝቶ ያስለካል፤ እኔ ሜትሩን ይዤ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት እያልኩ እጮኻለሁ፤ እሱ ደብተር ላይ ይጽፋል። እኔ ደግሞ ነገሩን ደመርኩት። ድስቱ ሲበሳ አባዬ ወደቀ። ስለዚህ አባዬ የታመመው በድስት ነው።

ትልልቆቹ ሰዎች ደግሞ ይህን ሐሳቤን የሚያጠናክር ነገር ብቻ ነበር የሚያወሩት። አንድ ከሰዓት አጎቴና ሚስቱ መጡ። እሷን እትዬ ነው የምላት፤ መንታ ሕፃናት አሏት፤ አንዱ ጭኗ ላይ፣ አንዱ ወለሉ ላይ ክር ይበላል። እኔ ጠረጴዛው ሥር ጨርቅ ቁራጭ እለቅማለሁ። መኖሬን ስለሚያውቁ የነገሩን ስም አይጠሩትም፤ ዙሪያውን ይሄዳሉ። እማዬ፣ ሁለቱም ከሥራ ውጪ እየሆኑ ነው፣ ከእንግዲህ የሚጠገን ነገር የለም አለች። እውነት ነው አልኩ በሆዴ፤ ድስቱ ተበስቷል፣ ትንሿም መጥበሻ እጀታ የላትም። አጎቴ፣ ሐኪሟ የኔ ይገጥማል ብላለች አለ። ሐኪም ስለ ድስት ምን አገባት የሚል ጥያቄ አልመጣብኝም፤ የተማረች ሴት ስለሆነች ሁሉንም ታውቅ ይሆናል።

ክርክሩ ከዚያ ተነሳ። እትዬ ናት የጀመረችው። "እርስዎን ጠልቼ እንዳይመስልዎት ጋሼ" አለች። "ሁለት ያለው ሰው አንዱን ሲሰጥ ቀላል ይመስላል። የቀረው ቢበላሽበትስ? ነገ ከነዚህ ልጆች አንዱ ቢያስፈልገውስ?"

ጠረጴዛው ሥር ሆኜ በንዴት ተቃጠልኩ። ወለሉ ላይ ያለውን ሕፃን አየሁት፤ ክሩን ውጦ ጨርሶ ቁልፍ ፍለጋ ሄዷል። ይሄ ልጅ ድስት ምን ይሠራለታል? እንደዚህ ዓይነት ስስት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ነበር። አባዬ ደግሞ ኩሩ ነው፤ የማንንም አልፈልግም፣ ያለኝ እስከሚሠራ ይሥራ፣ ወንድሜን በገዛ ቤቱ አታጣሉብኝ አለ። እማዬ መቀሱን ይዛ የሌለ ክር ትቆርጣለች። ከጠረጴዛው ሥር የሚታየኝ የአጎቴ እግር ነበር። ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጦ ይዞታል።

እትዬ ያኔ ሃያዎቹን ያልጨረሰች ሴት ነበረች፤ ባሏን በጎኑ ቀደው አንድ ነገር ሊያወጡበት ነው፤ ልጆቿ ገና አይራመዱም። ዛሬ እኔ በሷ ቦታ ብሆን የምለውን ነው ያለችው። ያኔ ግን በውሳኔ ተነሳሁ።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የአባዬን ሜትር ይዤ በረንዳ ወጣሁ፤ ምድጃችንን ከዳር እስከ ዳር ለካሁት። ከዚያ ወደ አጎቴ ቤት ሄድኩ፤ መንገዱን ተሻግሮ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ነው። ጓሮው ውስጥ ተለማማጅ የሚል ሰሌዳ የተለጠፈባት መኪና ቆማለች፤ መከላከያዋ በየአቅጣጫው ተጣሟል። እትዬ ልብስ ታሰጣለች፣ አፏ ውስጥ መቆንጠጫ ይዛለች። አጎቴ ከቆርቆሮዋ ክፍል ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ምንም አይሠራም። እንዲህ ያለ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ለሱ አዲስ ነው፤ ልብ አላልኩትም። አልፌው ገባሁ፤ ሁለቱን ድስቶች ለካሁ፤ ወጣሁ።

"አጎቴ፣ አንዱን ለአባዬ ስጠው" አልኩት።

እግሩ ዘለለ፤ አፈሩን ረገጠ።

"ማን ላከሽ?"

"ማንም። ሁለት አለህ አይደል? አንዱ ይበቃሃል። ደግሞ እየሠራህበትም አይደለም፤ ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው።"

"እየሠራሁበት አይደለም?"

"መቼ ሠራህበት? ያውም ያፈስሳል እያልክ ስታማው ነበር።" ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁና ዋጋውን ዝቅ ማድረግ እንዳለብኝ ገባኝ። "ትልቁን አይደለም፤ ትንሹን ስጠው። ለክቼዋለሁ፣ ይገጥማል። ሲጨርስ አጥቤ እመልስልሃለሁ።"

"አጥበሽ" አለ።

"በሳሙና። ሽታ እንዳይኖረው።"

አጎቴ ትን ያለው መሰለኝ። ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ አለ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ቀና ሲል ፊቱ በሙሉ እንባ ነው። እየሳቀ ነበር። ይህን የምጽፈው በቀበርነው በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ለቅሶ የመጣው ሁሉ ስለ ደግነቱ ያወራል፤ ያንን ሳቅ ያየን ግን እኔና እትዬ ብቻ ነን።

እትዬ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች። አሁን ደግሞ ልጅ ይልኩብኝ ጀመር አለች፤ እናትሽ ናት አይደል አለችኝ። አይደለችም ብዬ ማልኩ። እናቷን ተያት አላት አጎቴ፤ ማንም አልላካትም። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ መንገድ ዳር እንደሚያቆም መኪና ቀስ ብሎ፣ "ደግሞ ሰጥቻለሁ" አለ።

"ምን አልክ?"

"ሰጥቻለሁ። ፈርሜያለሁ። ማክሰኞ እንገባለን።"

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ለካስ ነገሩ አልቆ ነው እኔ የምለምነው። መፈረሙ ትንሽ ቢገርመኝም፣ አጎቴ በሕይወቱ አንድ ነገር በሥርዓት ማድረጉ ነው ብዬ አለፍኩት። ማክሰኞ የሚገቡት ደግሞ በረንዳችን ላይ መሆን አለበት። ማክሰኞን ምን አስጠበቀኝ? ትንሹን ድስት አንስቼ በጭንቅላቴ ላይ ደፋሁት፤ ተሸክሜ የምሄድበት ሌላ መንገድ አልነበረም፤ እጀታዎቹን ግራና ቀኝ ይዤ እግሬን እግሬን እያየሁ ወጣሁ። ከኋላዬ የእትዬ ድምፅ መጣ፤ ቃሉ ድስቱ ውስጥ አይለይም፤ ቀጥሎ የልብስ መቆንጠጫ ዘነበ። ጥቂቱ ድስቱን መታው፤ ቀሪው እንደሰማሁት ከሆነ አጎቴ ላይ ነው ያረፈው።

ድስት ውስጥ ሆኖ መንገድ መሄድን ያልሞከረ ሰው አያውቀውም። የገዛ ትንፋሽህ እንደ ሰው ሆኖ ይከተልሃል። አንድ ሰውዬ ድስቱ ማንን ዋጠ ሲል ሰማሁ። ቤት ስደርስ የሥራ ክፍሉን በር በእግሬ ገፋሁት።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ አባዬ ከአልጋው።

"አጎቴ ሰጠህ" አልኩት ከድስቱ ሥር። "ሰጥቻለሁ ብሏል። ፈርሜያለሁ ብሏል። ማክሰኞ እንገባለን ብሏል።"

እማዬ ጠረጴዛው አጠገብ ነበረች። መቀሱ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ድስቱን ከጭንቅላቴ ባወልቅ ጥሩ ነበር፤ ግን ጆሮዬን ይዞኝ እየታገልኩ ነው።

"አላለም" አለ አባዬ።

"ብሏል። እትዬም ሰምታለች። መቆንጠጫውን በሙሉ ወረወረችበት።"

መቆንጠጫውን ስነግረው ነው ያመነው። ድስቱን ሳወልቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የረሷቸው ሱሪዎች ተሰቅለዋል፤ የአንዱን እግር ጫፍ በእጁ ይዞ ይጨምቀዋል። እማዬ እኔን አቅፋኝ ጭንቅላቴን ትሸታለች። ለድስት ይሄ ሁሉ በዛ ብዬ አሰብኩ፤ ግን እኔም ኮርቻለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ታክሲ መጣ። ሁለቱ ወንድማማቾች ለሥራ ጉዳይ ሊሄዱ ነው፣ እኔ ጎረቤት እቆያለሁ ተባለ። አጎቴ ከፊት ወንበር ሊገባ ሲል አባዬ፣ እዚያ ከተቀመጥክ ሹፌሩን ታስተምረዋለህ፣ ከኋላ ግባ አለው። ሁለቱም እንደ ሰርገኛ ታጥበው፣ ተላጭተው፣ በባዶ ሆዳቸው ይሳሳቃሉ። እትዬ ያኔ ደረሰች። ልጆቹን ለሰው ትታ ነው የመጣችው፤ ዓይኗ አብጧል። ባሏን አላየችውም። የታክሲውን በር ይዛ ወደ አባዬ ጎንበስ አለች።

"ይሄን ወስደህ ደግሞ ብትሞት" አለችው፣ "ጉድህ ይፈላል።"

አባዬን አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። የባሏ ታላቅ ወንድም ነው፤ ከእርስዎ ወርዳ አታውቅም። እማዬ አፏን ያዘች። ለአንድ የተቀጠቀጠ ድስት ትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል ብዬ ልቆጣ ስል አባዬ እጇን ሳመው። "አልሞትም፤ አንቺን ፈርቼ" አላት።

ሲመለሱ አባዬ ቀጥኗል፤ አጎቴ ጎኑን ይዞ እያነከሰ ይራመዳል፤ በየአምስት እርምጃው ተጨዋውተው ይስቃሉ፣ ሲስቁ ስፌታቸውን ያማቸዋል፣ ሲያማቸው ይሳደባሉ። የአባዬ እግር እንደ ድሮው አጥንቱ ታየ፤ የጉድጓዱ ጨዋታ አበቃ፤ የጎረቤት ልጆች ቅር አላቸው። እማዬ ባለመስመሩን ብርጭቆ ጣለችና ማሰሮውን ብቻ አስቀረች። ጠዋት ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ውጤት እንደተነገረው ተማሪ ናት። ሁለት ሊትር ተኩል አለች አንድ ቀን፤ ለጎረቤቷ በአጥር ላይ ነገረቻት፤ ጎረቤቷም እልል አለች። ሁለት ሴቶች ለሽንት እልል ሲሉ ቆሜ እያየሁ፣ እማዬ በመጨረሻ የውሃ ሒሳብ ገባት ብዬ ነበር።

አባዬ በአዲሱ ድስት ጠመቀ። ሠላሳ ቀዳን፣ ሃያ ወጣልን። እኔ ደግሞ አባዬን ድስት አዳነው የሚለውን እምነቴን ለዓመታት ይዤው ኖርኩ፤ ክፍል ውስጥም በድርሰት ጽፌዋለሁ፤ መምህሬ ሥሩ በቀይ እስክሪብቶ "የፈጠራ ችሎታሽ ጥሩ ነው" ብሎልኛል። እውነቱን ያወቅኩት ጡት ማውጣት ከጀመርኩ በኋላ ነው። አጎቴ ሸሚዙን አውልቆ መኪናዋ ሥር ተኝቶ ነበር፤ ጎኑ ላይ ረጅሙን ስፌት አየሁት። ምንድን ነው አልኩት። ከመኪናዋ ሥር ሳይወጣ፣ "አጥበሽ ልትመልሺልኝ ነበር፣ እስካሁን እየጠበቅኩ ነው" አለ። ከዚያ ወጣና አስረዳኝ። ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ በየመሃሉ እየሳቀ።

ያኔ እኔን ሰምቶ የሰጠ መስሎኝ ትንሽ ኩራት ቢጤ ነካክቶኝ ነበር። እትዬ ናት ያስተካከለችኝ። ወረቀቱን የፈረመው እኔ ከመሄዴ በፊት ነው፤ ጓሮ ተቀምጦ የነበረውም እሷን እንዴት እንደሚነግራት ጠፍቶት ነው። ኩላሊቱን ለመስጠት አልፈራም፤ ልብስ የምታሰጣ ሚስቱን ፈራ። እኔ የሠራሁት ነገር ቢኖር አፉን ማስከፈት ብቻ ነው።

አጎቴን የገደለው ልቡ ነው። አንዷ ኩላሊቱ እስከ መጨረሻዋ ቀን ያለ እንከን ሠርታለች ብለዋል ሐኪሞቹ፤ ሌላዋ ደግሞ አባዬ ጎን ውስጥ አለች። አባዬ አርጅቷል፤ ብዙ ውሃ ጠጣ የሚባል ሰው ሆኗል፤ ብርጭቆ ከእጁ አይለይም ነበር። ከቀብሩ ሲመለስ ግን የአጎቴ ቤት ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ምግብ አልነካም፤ ውሃም አልፈልግም አለ። እማዬ ለመነችው፣ እኔ ለመንኩት፣ ሽማግሌዎች መከሩት። ሐኪሙን በስልክ ጠየቅኩት፤ አታድርቁት፣ እንዲህ ከቀጠለ ኩላሊቷን ያጣታል አለኝ። ነገርኩት። ሰማኝ። ትጥፋ የሚል ይመስል ነበር ፊቱ።

በማግሥቱ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ እትዬ ከጓዳ ወጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ በሁለት እጇ አንድ ጆግ ውሃ ይዛለች። ብርጭቆ አላመጣችም። ጆጉን ከፊቱ ይዛ ቆመች።

"ጠጣ።"

"አልፈልግም" አላት።

"አንተን ማን ጠየቀህ? ላንተ አይደለም" አለችው። "እዚያ ውስጥ ያለው የኔ ሰው ነው። እንዳታደርቅብኝ።"

አንዱ ሽማግሌ ሳል ያዘው። አባዬ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ጆጉን ተቀበላት፤ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ፤ አረፍ እያለ፣ እየተነፈሰ፣ ጨረሰው። ባዶውን ተቀብላው ሌላ ቀድታ መጣች። እሱንም ጠጣ። እሷ አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ሁለቱም የሚጠብቁት ነገር ያላቸው ሰዎች ሆኑ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳ። ሽንት ቤቱ ኮሪደሩ ላይ ነው፤ በሩ ስስ ነው፤ ለቅሶ ቤት ደግሞ ጸጥታ ይበዛዋል። ሁላችንም ሰማነው። ረጅም ነበር። ሽማግሌው ስለ ሟች መልካምነት ጮክ ብሎ ማውራት ጀመረ፤ ማንም አላዳመጠውም። እትዬ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትሰማው።

አባዬ ቀበቶውን እያጠበቀ ወጣ።

"እህስ?" አለችው ሰው ሁሉ ፊት።

"ደህና ነው" አላት። "ሰላም ብሎሻል።"